ከስሞቹ ጎን በእርሳስ

ቱሉ ዲምቱ፣ እሑድ ማታ

ዛሬ የውኃ ተራችን ስለነበር ጀሪካን ይዤ ደረጃውን ስወጣና ስወርድ አረፈድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጋሼ በራቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። «ነይ እስኪ ልጄ፣ መጽሔታችሁን ጨርሼዋለሁ» አሉኝ። እኔና ጥቂት የባቼ ልጆች ለዩኒቨርሲቲያችን ምሩቃን የምናዘጋጀውን ማለታቸው ነው። ከወር በፊት ስሰጣቸው እንደ ሌላው ሰው «በርቱ» ብለው የሚመልሱልኝ መስሎኝ ነበር። አራት እትም አውጥተናል፤ ከ«በርቱ» ሌላ አስተያየት የሰጠን የለም። ደግ ቃል ነው፤ ግን ምን እንደምናስተካክል አይነግረንም።

ጋሼ ያነበቡት እርሳስ ይዘው ነው። ስድስት ኪሎ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ ፊት ለፊት ተማሪዎች የተነሱትን የድሮ ፎቶ አትመን ከሥሩ ስም ደርድረን ነበር። ከሦስቱ ስሞች ጎን «ነፍስ ይማር» ብለው ጽፈዋል። ከአንዱ ጎን «ደሴ ነው፣ ደኅና ነው»። አንዱን ሰርዘው «ይሄ እሱ አይደለም፣ ታናሽ ወንድሙ ነው»። ከላይ «የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ 1962» ያልነውንም አላለፉትም። «እኛ የገባነው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን በ1954 የሰጡት ለእሱ ነው። አዲስ አበባ የተባለው ከአብዮቱ በኋላ ነው፤ ይሄን እንዴት ትስቻለሽ?» ፊቴ ጋለ። ፎቶውን የመረጥኩትም ጽሑፉን ያረምኩትም እኔ ነኝ።

ቡናው እስኪፈላ ስለ ሰርቪስ አጫወቱኝ። በእሳቸው ዘመን ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው የሚላከው ለማስተማር ነው። የእሳቸው ዕጣ አርሲ ነበር። ከተማሪዎቻቸው መካከል በዕድሜ የሚበልጧቸው ነበሩ። ደመወዝ ሲዘገይ ስኳርና ሳሙና በዱቤ ይሰጣቸው የነበረውን ባለሱቅ እስከ ዛሬ ስሙን ከነአባቱ ይጠሩታል። «እዚህ ውስጥ ግን ሹመት ብቻ ነው ያለው» አሉ ገጹን እየገለጡ። «ዶክተር የሆነ፣ ሥራ አስኪያጅ የሆነ፣ ድርጅት የከፈተ። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዞ ጡረታ የወጣውስ የት ገባ?»

መልስ አልነበረኝም። ኮዬ ፈጬ የምትኖረው የዶርም ጓደኛዬ ትዝ አለችኝና ማታ ደወልኩላት። መጽሔቱን ታነቢዋለሽ ወይ አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ «እኔ እኮ በተማርኩት አልሠራሁም። በከፈትኩት ቁጥር ‹አንቺስ የት ደረስሽ?› የሚለኝ ይመስለኛል» አለችኝ። በአንድ ተደራራቢ አልጋ እኔ ከላይ እሷ ከታች ሦስት ዓመት ተኝተናል፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም ነበር።

ከእንግዲህ «መጽሔቱን እንዴት አያችሁት?» አልልም። እንደዚያ ሲጠየቅ ሰው ይሉኝታ ይይዘውና «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። በሚቀጥለው እትም የመጨረሻው ገጽ ላይ የማወጣው እንዲህ ነው፦ የትኛውን ጽሑፍ ጀምራችሁ ተዋችሁት? የማንን ስም ፈልጋችሁ አጣችሁ? የቱ ጋ ተሳስተናል? የመጀመሪያ የሥራ ዓመቱን ማን ያውጋን? መጻፍ የሚከብደው ይደውልልን፣ እኛ እንጽፍለታለን። ስሜ አይውጣ ያለም አይወጣበትም።

ፎቶው ገና አልተሟላም። ከኋላ ረድፍ፣ በስተግራ ሦስተኛው፣ ባለ ሹራቡ ቀጭን ልጅ አጠገብ ጋሼ የጥያቄ ምልክት ብቻ አድርገዋል። መልኩን ያውቁታል፤ ስሙ ግን ጠፋባቸው። የሚያውቀው ካለ ይንገረን።