ግንባሬ ላይ የተሰመረው መስመር

ኢስታንቡል የሄድኩት ፀጉር ለማስተከል አልነበረም፤ ላስተክል ወይስ ይቅርብኝ የሚለውን ለመወሰን እንጂ። ይህን ልዩነት ስሜን በወረቀት ይዞ አየር ማረፊያ ለጠበቀኝ ሾፌር ማስረዳት አልቻልኩም። ሻንጣዬን ከመቀበሉ በፊት ዓይኑን ግንባሬ ላይ ጣል አደረገና «ስንት ግራፍት?» ሲል ጠየቀኝ፤ ግራፍት የሚሉት ከማጅራት ተነቅሎ ከፊት የሚተከለውን የፀጉር ሥር ነው። ገና አልወሰንኩም ስለው ሳቀ። «እዚህ የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ይላል» አለኝ።

36 ዓመቴ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት በየአዲስ ዓመቱ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ግንባሬን ፎቶ አነሳለሁ። ፀጉሬ በሁለቱ ጎን ወደ ኋላ እየሸሸ ሄዶ መሀሉ እንደ ምላስ ብቻውን ቀርቷል። አባቴ 45 ሳይሞላው ራሰ በራ ሆኗል፤ የእናቴም ወንድሞች እንደዚያው ናቸው፤ ስለዚህ መላጣነት የሚወረሰው በእናት በኩል ብቻ ነው የሚለው ወሬ እኔ ዘንድ ዋጋ የለውም፤ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ይህን ሁሉ ተቀብዬ እኖር ነበር። ሰላሜን የነሳኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ተክሎ መጣና አማረበት። አበላሽተውት መጥቶ ቢሆን ኖሮ በልቤ ስቄ ነገሩን እተወው እንደነበር አልደብቅም።

በረራው እንቅልፍ ነበር። ሰዓቱ ከአገራችን ጋር አንድ በመሆኑ የእጅ ሰዓቴን እንኳን መንካት አላስፈለገኝም።

ሆቴሉ ሺሽሊ በሚባለው ሰፈር የሚገኝ ሲሆን የክሊኒኩ ጥቅል አካል ነበር። ስለ ኢስታንቡል የጻፉ ሰዎች ስለ ጉልላቶቿ ብዙ ሲነግሩን ስለ ባሕር ወፎቿ ለምን ዝም እንዳሉ አይገባኝም። ጣሪያው ላይ ሰፍረው ሌሊቱን ሙሉ ልጁን እንደተቀማ ሰው ሲጮሁ አደሩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተስፋ ቆርጬ መብራት አበራሁና መስታወት ፊት ቆምኩ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ግንባሩን በጣት መለካት ከጀመረ ደግሞ እስኪነጋ አያቆምም።

ጠዋት ለቁርስ ስወርድ ምግብ ቤቱ የቁስለኞች ማረፊያ መሰለኝ። ግንባራቸው ላይ ጥቁር መቀነት ያሰሩ፣ ማጅራታቸው በፋሻ የተጠቀለለ፣ የአንገት ትራሳቸውን ሳያወልቁ እንቁላል የሚበሉ ወንዶች ነበሩ። አንዱ ቡና ሲቀዳ ከአጠገቡ ቆሜ ራሱን በቅርበት አየሁት፤ የተላጨው ቆዳ ላይ የረጋው ደም የሰናፍጭ ፍሬ እየበተኑ የዘሩበት ይመስላል። የሌላው ዓይን በእብጠት ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። ሦስተኛ ቀኑ እንደሆነ፣ ግንባር ላይ የተወጋው ፈሳሽ ወደ ታች ወርዶ ዓይን ላይ እንደሚያርፍና በጥቂት ቀናት እንደሚጠፋ እሱ ራሱ ነገረኝ። ሲያወራ የተጸጸተ አይመስልም ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለችኝ ወጣት «የሕመምተኞች አማካሪ» ነኝ አለችኝ። ቡና ጋበዘችኝ፣ የሰዎች ፎቶ አሳየችኝ፤ ከዚያም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ብዕር አውጥታ ከቅንድቤ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ከጆሮ ጥግ እስከ ጆሮ ጥግ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረችብኝ። መስታወት ሰጠችኝ። እውነቱን ለመናገር ወደድኩት፤ የ19 ዓመት ልጅ ሆኜ ታየሁ። 3500 ግራፍት ያስፈልግሃል፣ ዋጋው ሆቴሉን፣ ሾፌሩንና መድኃኒቱን ጨምሮ 2400 ዩሮ ነው አለችኝ። ላስብበት ስላት 2100 ሆነ። ጃኬቴን ሳነሳ 1900 ሆነ፤ «ለዛሬ ብቻ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር። እኔ ገበያ ወጥቼ ነጋዴው ሳልከራከረው ዋጋ ከቀነሰልኝ ዕቃውን እንደገና የማገላብጥ ሰው ነኝ። ማጅራቴን ግን እንዴት አድርጌ ላገላብጥ?

ስለዚህ ጠየቅኩ። «ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው ማን ነው?» «ቡድናችን» አለችኝ። «ሐኪሙስ?» «ሐኪሙ ይቆጣጠራል።» ዓለም አቀፉ የፀጉር ተሃድሶ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው በዚሁ ጉዳይ ነው፤ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች የሐኪም ሥራ በሚሠሩባቸው ቦታዎች። ሐኪም የተባለው ሰው በመጨረሻ ብቅ ብሎ ከበሩ ሳይርቅ አየኝ፣ «በጣም ተስማሚ ነህ» አለኝና ወጣ። ፀጉሬን አልነካውም። ቀጠሮ ለመያዝ አስቀድሜ የላክሁት 200 ዩሮ እንደማይመለስም በዚያው ሰዓት ተረዳሁ፤ ጥቅሉን ስለሰረዝኩ ሆቴሉን ከዚያ በኋላ በራሴ እከፍላለሁ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማታ ሆቴሉ መግቢያ ላይ ያገኘሁት ሰው ግን ከ200 ዩሮው የሚበልጥ ነገር ሰጠኝ። ማንቸስተር ውስጥ አውቶቡስ የሚነዳ የ41 ዓመት ሰው ነው። ግንባሬ ላይ ያለውን መስመር አይቶ ፈቃዴን ሳይጠይቅ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠ። በ24 ዓመቱ ተክሎ እንደነበር ነገረኝ። ያን ጊዜ ከፊት ጥቂት ብቻ ነበር የሸሸበት፤ የተተከለው ፀጉር እንደተባለው ጸና፣ የራሱ ፀጉር ግን ከኋላው ሽሽቱን ቀጠለ። ዛሬ ከፊት እንደ አጥር የቆመ ፀጉር አለው፤ ከአጥሩ በስተጀርባ ባዶ ሜዳ ነው። ከዚያም ዞሮ ማጅራቱን አሳየኝ። ነጫጭ ነጠብጣብ ሞልቶበታል፣ ፀጉሩ እዚህም እዚያም ሳስቷል፤ ብል የበላው ጋቢ ነበር የመሰለው። ብዙ ከመውሰዳቸው የተነሳ ሜዳውን የሚሸፍን ስላልተረፈ አሁን ከጢሙ ሊወስዱለት ነው የመጣው።

ይህን ሳይ ነበር በጽሑፍ ያነበብኩት ነገር ሁሉ ትርጉም የሰጠኝ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ ውስጥ ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለው የቆዳ ሐኪም ከማጅራት ወደ ግንባር ፀጉር ሲያዛውር የተዛወረው ፀጉር የሄደበትን ቦታ ሳይሆን የመጣበትን ቦታ ጠባይ ይዞ እንደሚኖር አስተዋለ። ዲኤችቲ የተባለው ሆርሞን የግንባርንና የአናትን ፀጉር ሥር ቀስ በቀስ ሲያቀጭጭ የማጅራቱን ግን አይደፍረውም። ዛሬ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ ቀዳዳ አንድ እስከ አራት ፀጉር የያዘውን ሥር ነቅለው ከፊት ይተክሉታል። የተነቀለበት ቦታ ግን መልሶ አያበቅልም። የሚዛወር እንጂ የሚፈጠር ፀጉር የለም፤ ማጅራት ደግሞ አንዴ ወጪ ከተደረገበት ገቢ የማይገባበት የቁጠባ ደብተር ነው። እኔ እስከዚያች ማታ ድረስ የማስበው ስለ ዋጋው ብቻ ነበር፤ ያልተተከለው የራሴ ፀጉር ከ10 ዓመት በኋላ የት ይሆናል ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

የአውቶቡስ ነጂው የአንዲት ሐኪም አድራሻ ጻፈልኝ፤ ካዲኮይ፣ ከባሕሩ ማዶ። እንዳላስተክል ሊመክሩኝ እንደሚችሉም አስጠነቀቀኝ።

በማግሥቱ ኤሚኖኑ ከሚባለው ወደብ መርከብ ለመሳፈር ስሞክር የጉዞ ካርዴ ሒሳቡ አልቆ ነበር። ማሽኑ ገንዘቤን እየተፋ ሲያስቸግረኝ ከኋላዬ የተሰለፈ አዛውንት የራሳቸውን ካርድ መታ አድርገው አሳለፉኝ። ገንዘቡን ብዘረጋላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ፤ ከዚያ ግንባሬን አይተው ፈገግ አሉ። መስመሩን በሆቴሉ ሳሙና ሁለት ጊዜ ፈትጌው አልለቀቀም ነበር። የ20 ደቂቃዋን ጉዞ በትንሿ የመስታወት ብርጭቆ ሻይ እየጠጣሁ፣ ኮፍያ ባለማምጣቴ ራሴን እየረገምኩ ጨረስኩ። ሌሊት የረበሹኝ ወፎች በቀን መርከቧን ተከትለው ከተሳፋሪ እጅ ዳቦ ሲቀልቡ ታረቅኳቸው።

ሐኪሟ ስልሳ ዓመት የሞላቸው ይመስላሉ። ክፍላቸው ጠባብ ነው፣ ቡና የለም፣ ፎቶ የለም። አርባ ደቂቃ ያህል አዩኝ። አጉሊ መሣሪያ ራሴ ላይ አሳርፈው ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት፤ ማጅራቴ ላይ እንደ ገመድ የወፈሩ ፀጉሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አናቴ ላይ ግን፣ እኔ ሙሉ ነው ብዬ በምመካበት ቦታ፣ በገመዶቹ መካከል የሸረሪት ድር የሚያካክሉ ክሮች ነበሩ። «እነዚህ እየሄዱ ነው» አሉኝ። ሃሚልተን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 አውጥቶት ኖርዉድ የተባለ ሐኪም በ1975 ባሻሻለው የመላጣነት መለኪያ ከሰባቱ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነህ፤ ግን ገና አልቆምክም።

ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ፤ ቁስል ሲድንልህ ያብጣል? ትከሻዬ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ ገልጬ አሳየኋቸው። በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉትና ጻፉ። ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሰዎች ኬሎይድ የተባለው ያበጠ ጠባሳ ይበልጥ እንደሚያሰጋቸው፣ ጠምዛዛ ፀጉር ደግሞ ከቆዳ በታችም ሥሩ እንደ ማጭድ ስለሚጎብጥ ቀጥ ብሎ የሚገባ መሣሪያ በቀላሉ እንደሚቆርጠው አስረዱኝ። ስለዚህ እንደ እኔ ላለ ሰው መጀመሪያ ጥቂት ሥር ብቻ ነቅሎ ማየት፣ ጠባሳውንም መጠበቅ ይገባል። ደስ የሚያሰኘው፣ ጠምዛዛ ፀጉር በቁጥር ትንሽ ሆኖ ብዙ ይሸፍናል።

«እና ምን ላድርግ?» አልኳቸው። ፊናስተራይድ የሚባለው ክኒን በቀን 1 ሚሊግራም፣ ሚኖክሲዲል የሚባለው ደግሞ ራስ ላይ የሚቀባ፤ ለአንድ ዓመት። ሽሽቱ ከቆመ መትከል ይቻላል፤ ካልቆመ የምትተክለው ከሚሸሽ ሠራዊት ፊት አጥር ነው። የክኒኑን ጉድም አልደበቁኝም፤ ጥቂት ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ መንፈስ የሚጫነውም አለ፣ ካቆምከው የያዘልህ ፀጉር ይሄዳል፣ የተሰበረ ክኒን ነፍሰ ጡር ሴት መንካት የለባትም። ብተክልም የተተከለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ረግፎ፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ መብቀል ጀምሮ፣ ሙሉ መልኩ የሚታየው በዓመቱ ነው።

ልጅዎ ብሆን ምን ይሉኝ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ በ30 ዓመቱ ተላጭቶ ተገላግሏል» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ በአልኮል የነከሩትን ጥጥ ይዘው መስመሩን እየጠረጉ፣ «ይህን ያሰመረችልህ ልጅ 50 ዓመት ሲሞላህ አብራህ አትሆንም» አሉ። 60 ዩሮ ከፈልኩ፤ ደረሰኝ ሰጡኝ። መስመሩ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

የቀሩትን ሁለት ቀናት ከተማዋን አየሁ፤ ጥሩ ነበሩ።

ከታክሲም አውቶቡስ ተሳፍሬ አየር ማረፊያ ደረስኩ። የፓስፖርት ሰልፉ ላይ ከፊቴ ሁለት ፋሻ፣ ከኋላዬ አንድ ጥቁር መቀነት ነበር። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው መኮንን እስከ አናቱ መላጣ ነው። ፎቶዬን አየ፤ ፎቶው ላይ ግንባሬ ጠባብ ነው። ቀና ብሎ ግንባሬን አየ፣ የደበዘዘውን መስመር አየ፣ ማጅራቴን ለማየት ዘንበል አለ። ፋሻ የለም።

«ኦፔራሽን የለም?» አለኝ።

«ለሚቀጥለው ዓመት» አልኩት።

ማኅተሙን መታና ፓስፖርቴን ከመመለሱ በፊት የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ በጣቱ አንድ ቀን አሳየኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጊዜው ያበቃል፣ አዲስ ፎቶ ያስፈልጋል።