ሁለት ተኩል

ጥምቀት ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ ክፍሉ ሁሉ ተይዞ እኛም መቆሚያ መቀመጫ ባጣንበት ሰሞን፣ «የሠራተኛ ተነሳሽነት» የሚባል ሥልጠና መጣብን። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን ከመዘገበ ወዲህ ሆቴላችን በጥር ወር ለዋጋ ጭማሪ ሰበብ አጥቶ አያውቅም። ደመወዛችንን ግን የመዘገበው የለም።

አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ እግር ነው። ፍሊፕ ቻርቱን አቁሞ «በሥራችሁ ደስ እንዲላችሁ ምን ቢስተካከል ትወዳላችሁ?» አለ። አስተናጋጆቹ «ፍቅር»፣ «መከባበር» አሉ። ሥራ አስኪያጁ ከፊት ተቀምጦ ሌላ ምን ይበሉ? ያኔ የልብስ ማጠቢያዋ እትዬ በረኪና የበላውን እጃቸውን አወጡ።

«ሁለት ተኩል።»

«አቤት እናቴ?»

«ሁለት ተኩል። እሱ ከተስተካከለ ሌላ አንጠይቅም።»

ጉዳዩ ፀሐይ የሞቀው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው የሰዓቱ ደመወዝ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ነው። ጥር 11 ታቦቱ ከፋሲለደስ መዋኛ በእልልታ ሲመለስ እትዬ እስከ ማታ አንሶላ ላይ ናቸው፤ የሚከፈላቸው ግን እንደ ማንኛውም ማክሰኞ።

ልጁ አዲስ አረንጓዴ ማርከር ከፍቶ «የመግቢያ ሰዓት፦ 2፡30» ብሎ ጻፈና ሁለቴ አከበበው።

«ክፍያውን ነው የሚሉት!» አልኩ ከኋላ።

«እባካችሁ እጅ እያወጣን።»

አወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና «ሻይ እንዳይቀዘቅዝ፣ እንውጣ» አለ። አዋጁን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

በዓሉ እንዳለፈ ሰሌዳው ላይ ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ወጣ፦ «በሠራተኞች ጥያቄ መሠረት የልብስ ማጠቢያ ክፍል የጠዋት መግቢያ ከ1፡00 ወደ 2፡30 ተዛውሯል።» የትርፍ ሰዓቱ ነገር እዚያው እንደነበረ ነው።

የሚያበሽቀኝ ነገሩ መሥራቱ ነው። ከዚያ ክፍል አርፋጅ ጠፋ። እትዬ ኪዳን አድርሰው፣ ሌሎቹም ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው ይገባሉ። እንግዳም ስለ አንሶላ ማማረር ትቷል። ሪፖርቱ ላይ «ሥልጠናው የሠራተኛውን ተነሳሽነት አሳድጓል» ተብሎ ሲሰፍር፣ ውሸት ነው እንዳልል አፌን ያዘኝ።

ልጁ ለፋሲካ ሰሞን ተመልሶ ሊመጣ ነው አሉ። እትዬን «አሁንስ ምን ሊሉት ነው?» አልኳቸው።

«ሦስት ሰዓት» አሉኝ፣ አንሶላውን እየጨመቁ።