ቧንቧው ዝም አለ፣ እኔ ግን አልቻልኩም

ከዛሬ ጀምሮ ደሴ ላይ ቧንቧ ሠሪ ነኝ፤ በወረፋ! 😄

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ያለችው ጎሚኒ (ውሃውን የምትዘጋው ትንሽ ጎማ) ናት። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዝጉና የቀረውን ውሃ አፍስሱ። ውሃ በፈረቃ የሚደርሳችሁ ደግሞ «ዛሬ የለም» ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ሳይታሰብ ሲመጣ ፊት ላይ ነው። ከዚያ የቧንቧውን ራስ በእንግሊዝ ቁልፍ ፈትታችሁ ጎሚኒዋን ቀይሩ። አሮጌዋን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ የ1/2 ኢንች ቧንቧ ጎሚኒ ሁሉ እኩል አይደለም። ጎሚኒዋ የምታርፍበት ናስ ከተበላ ግን አዲሷም አታድነውም። ቧንቧውን ከግድግዳ ካወጣችሁት ቴፍሎኑን (ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመውን ስስ ነጭ ማሸጊያ) ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሙ፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲታሰር ይተረተራል። ስትዘጉም በጉልበት አይሁን፣ ጎሚኒ የሚቆርጠው እሱ ነው።

ቡና ልትጠጡ የምትመጡ፣ መጀመሪያ እጅ መታጠብ ግዴታ ነው። አብሽሩ፣ ሳሙናም አለ።