ግራሶ የለህም እንዴ?

አራት ቀን አለፈው። እስካሁን ማታ ጋደም ስል ጆሮዬ ላይ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ጦሱ የመጣው ከእንጦጦ ነው። ዳገቱን ላቤ እየተንጠፈጠፈ ስወጣ አንድ ጎረምሳ ቁልቁል አለፈኝ። ፔዳል አይረግጥም። ሳይክሉ ግን ዝዝዝዝዝ ይላል፤ የንብ መንጋ የሚያባርረው ነው የሚመስለው። የእኔ ማውንቴን ቁልቁለት ላይ ጭጭ ነው። ሰው በድምፅ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ሰፈራችን ያለው ሳይክል ሰሪ ጋ ሄጄ «የኋላ ጎማውን ድምፅ ጨምርልኝ» አልኩት። ካቻቢቴውን አስቀምጦ አየኝ። «ወንድሜ፣ ሰው እኮ እኔ ጋ የሚመጣው ድምፅ ለማስጠፋት ነው።» ተሰልፈው የነበሩት ሳቁ። እሺ፣ ራሴ እሠራዋለሁ።

የኋላው ቸርኬ እምብርት ውስጥ ትንንሽ የብረት ምላሶች አሉ። የእኔው ሦስት አለው። ፔዳል ስትረግጥ ምላሶቹ ጥርስ ነክሰው ጎማውን ይገፋሉ። መርገጥ ስታቆም ጥርሱ ላይ እየዘለሉ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ግራሶ ከበዛ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ ግራሶውን በቤንዚን አጠብኩና ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አደረግኩበት። አንዷ ሞላ ተፈናጥራ ሶፋ ሥር ገብታ አንድ ሰዓት በደረቴ ተስቤያለሁ፤ እሱን እንተወው።

ደግሞ ምክንያት ነበረኝ። ያ አዲሱ የሳይክል መንገድ ላይ ደወል ብትደውል ማን ዞር ይላል? ሰው ሦስት ሆኖ ተቃቅፎ ነው የሚሄድበት። ባለፈው ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱበት ቬሎው እስኪሰበሰብ አንድ እግሬን መሬት ተክዬ ጠብቄያለሁ። አሁን ግን ገና ከሩቅ ሲሰሙኝ ብትን! ሁለት ቀን ነገሥኩ።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ መንገዳችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ለቅሶ ነው። ለቅሶ ፊት እየነዱ አይታለፍም። ወረድኩ። አንገቴን ደፍቼ መግፋት ጀመርኩ።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ለካ ሲገፉትም ይጮሃል!

ቆምኩ። ጸጥ። ጋቢ የለበሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ እርምጃ ሞከርኩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ቀስ ብዬ ስገፋው ባሰ፤ እያንዳንዷ ቀጭታ ለብቻዋ ጎልታ ትሰማለች። በኋላ ቁጭ ብዬ አስልቼዋለሁ። ጥርሱ 24 ነው። ጎማው 26 ኢንች ስለሆነ በአንድ ዙር ሁለት ሜትር ገደማ ይሄዳል። ድንኳኑ 20 ሜትር ቢሆን 240 ቀጭታ! ለሟቹ እንኳ ይህን ያህል ደረት አልተመታም።

ወደ ኋላ ስጎትተው ዝም አለ። ተመስገን ብዬ ሳይክሉን አዙሬ በኋላው አስቀደምኩት። ለካ ወደ ኋላ ሲሄድ ፔዳሉ አብሮ ይዞራል። ቅልጥሜን አለኝ። አሁንም አለኝ። በሦስተኛው ተሸከምኩት። ሁለት ደህና ጎማ ያለው ሳይክል፣ ትከሻዬ ላይ።

ድንኳኑ አፍ ላይ ስደርስ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር መስሎኝ «ነፍስ ይማር» አልኩ።

«ለሳይክሉ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር።

ለቅሶ ላይ ሳቅ የያዘው ጋቢ ሲንቀጠቀጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከሩቅ ለሚያይ መሪር ሐዘን ነው የሚመስለው። ከልባቸው ያዘኑልኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። ብድግ ብለው መጡና «ልጄ፣ ግራሶ የለህም እንዴ?» አሉኝ።

አለኝ። ራሴ ነኝ አጥቤ የጣልኩት። ይህን እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «የለኝም ጋሼ» አልኩ። ማታ ለእዝን ስሄድ በፌስታል የተቋጠረ ግራሶ አስይዘውኝ ሄዱ። በማግስቱ ባለሱቁ ዳቦ እየሰጠኝ «ከእንግዲህ እድራችን ጥሩምባ ነፊ አይቀጥርም አሉ» አለኝ። ዳቦውን ሳልቆጥር ነው የወጣሁት። አንድ ጎድሎ ነበር።

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ከእንቅልፌ ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። ኮርቻውን ይዤ የኋላ ጎማውን ብቻ ከመሬት ከፍ ባደርገው፣ በፊተኛው እየተንከባለለ ኮሽ ሳይል ያልፍ ነበር እኮ!