ሳይካትሪን መርጬ ለሬዚደንሲ ያመለከትኩበት መንገድ

አሜሪካ ውስጥ ሜዲካል ስኩል የሚማሩ የሐበሻ ልጆች ብዙ ናቸው። ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) እገባለሁ የሚል ግን እኔ ከማውቃቸው መካከል ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዷ እኔ ነኝ። ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ከሜዲካል ስኩል በኋላ ለሚሰጠው የስፔሻሊቲ ሥልጠና፣ አመልክቼ ቦታ አግኝቻለሁ። ከኋላዬ ያሉ ተማሪዎች እንዴት እንዳደረግኩት ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ሁላችንም በየክፍሉ እንዞራለን። የእኔ ልብ የነበረው የውስጥ ደዌ ሕክምና ላይ ነው። የሳይካትሪ ተራዬ ሲደርስ የተመደብኩት ኮንሰልት በሚባለው ቡድን ነው። ይህ ቡድን የራሱ አልጋዎች የሉትም። በቀዶ ጥገናም ሆነ በልብ ክፍል የሚሠራ ሐኪም የበሽተኛው ሁኔታ ግራ ሲገባው ይጠራዋል።

አንድ ቀን "አእምሯቸውን ስተዋል፣ ነርሶቹን ይማታሉ" ተብሎ ወደ አንዲት አሮጊት ተጠራን። (ማንነታቸውን ሊጠቁም የሚችለውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ።) ቀን ቀን ደህና ናቸው፤ ሲመሽ ይብስባቸዋል። እኔ ስለ ሥነ አእምሮ መድኃኒት የምንነጋገር መስሎኝ ነበር። አለቃችን ግን መጀመሪያ የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ከፈተ። ለእንቅልፍ ተብሎ ቤናድሪል ይሰጣቸዋል። ይህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት ሽማግሌና አሮጊትን ክፉኛ ሊያወናብድ ይችላል። ከዚያ የሽንት ምርመራ አዘዘ። መነጽራቸውና የጆሮ መስሚያቸው የት እንዳለ ጠየቀ። ሁለቱም ቦርሳ ውስጥ ተቀምጠዋል። መድኃኒቱ ቆመ፣ ኢንፌክሽኑ ታከመ፣ መነጽሩ ተደረገላቸው፣ ልጃቸው ማታ ማታ አብራቸው እንድትቀመጥ ተፈቀደ። ቀናት አልፈው ገብተን ስናያቸው ልጃቸውን በስሟ እየጠሩ ስለ ምሳ ያወራሉ። ችግሩ ደሊሪየም ነበር፤ በሕመም ወይም በመድኃኒት የተነሳ በድንገት የሚመጣ የአእምሮ መወናበድ ማለት ነው። እብደት ተብሎ መዝገብ ላይ ሊሰፍር ምንም አልቀረውም ነበር። ያን ቀን ይህንን ሙያ ፈለግኩት።

ቤት ስናገር ነገሩ ቀላል አልነበረም። አባቴ "ይህን ሁሉ ለፍተሽ የእብድ ሐኪም ልትሆኚ?" አለኝ። አዘንኩ፤ ግን አልተከራከርኩትም። ሥልጠናው 4 ዓመት እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 4 ወር በውስጥ ደዌ ወይም በመሰል ክፍል፣ 2 ወር ደግሞ በነርቭ ሕክምና እንደሚያልፍ አስረዳሁት። ሳይካትሪስት ደም የሚያስመረምር፣ መድኃኒት የሚያዝ ሙሉ ሐኪም መሆኑን ነገርኩት። ያረጋጋው ግን የእናቴ ንግግር ይመስለኛል። "በየቤቱ በር ተዘግቶበት የተቀመጠ ስንት ሰው አለ፤ ቋንቋውን የምታውቅ ሐኪም ቢያገኝ ምን አለበት?" አለችው። ለቤተሰብ ቀድማችሁ ንገሩ የምለው ለዚህ ነው። ኢንተርቪው ከጀመራችሁ በኋላ ሁለት ጭንቀት አንድ ላይ አይቻልም።

በሌላ ሙያ ያለ አንድ ሐኪም ደግሞ "በዚህ ውጤት ሳይካትሪ? ያሳዝናል" ብሎኛል። ሳይካትሪ ማንም የሚገባበት ነው የሚባለው ጊዜ አልፏል። በአሁኑ ሰዓት በመላ አሜሪካ በየዓመቱ ከ2000 በላይ ቦታ ይቀርባል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ይሞላል። ከሐኪሞች የፈቃድ ፈተናዎች የመጀመሪያው፣ ስቴፕ 1፣ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥር ሆኖ የሚታየው የሁለተኛው፣ የስቴፕ 2፣ ውጤት ነው። እኔ ውጤቱ ከሴፕቴምበር በፊት እንዲደርስልኝ አድርጌ ተፈተንኩ። ማመልከቻው ኢራስ በሚባለው ሥርዓት ነው የሚገባው፤ ሥልጠናውን የሚሰጡት ፕሮግራሞችም በሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ከፍተው ማየት ይጀምራሉ። ውጤት ሳይደርስ እየተጠባበቁ ማመልከት ነርቭ ይጨርሳል።

የድጋፍ ደብዳቤ ለአንድ ፕሮግራም እስከ 4 መላክ ይቻላል። ሁለቱን ከሳይካትሪስቶች፣ አንዱን ከውስጥ ደዌ ሐኪም አገኘሁ። የጠየቅኳቸው አብሬያቸው የምሠራበት ጊዜ ሳያልቅ፣ ፊት ለፊት ነው። "ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?" አልኩ። ጠንካራ የምትለዋን ቃል አትዝለሏት። ሰውየው ካመነታ ሌላ ሰው መፈለጊያ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው። እሺ ሲሉኝ አብረን ያየናቸውን በሽተኞች የሚያስታውስ አንድ ገጽ፣ ያለ ስም፣ ጽፌ ሰጠኋቸው። እኛ ቤት ያደገ ልጅ ትልቅ ሰውን እንዲህ መጠየቅ ይከብደዋል፤ ስለ ራሱ መናገር ነውር ይመስለዋል። እዚህ ግን ሥራችሁን ራሳችሁ ካላስታወሳችሁ ማንም አያስታውስላችሁም።

ኢራስ ላይ እስከ 10 የሚደርስ የሥራና የበጎ ፈቃድ ልምድ ይሞላል። ከዚያ ውስጥ እስከ ሦስት የሚሆነውን በጣም ትርጉም ያለው ብላችሁ ትመርጣላችሁ። አሥሩን ለመሙላት አልተጨነቅኩም። አንዱ ምርጫዬ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ እሑድ እሑድ የምናደርገው የደም ግፊት ምርመራ ነበር። ሰዎች ክንዳቸውን ለልኬት ዘርግተው "እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል" ይሉኛል። ከዚያ ቀስ እያለ ሌላው ይወጣል። ይህንኑ ጻፍኩ።

ብዙ ያሰብኩበት ፐርሰናል ስቴትመንቱ፣ ማለትም አመልካቹ ስለ ራሱ የሚጽፈው ጽሑፍ፣ ነው። አንድ የቅርብ ዘመዴ ለዓመታት በአእምሮ ሕመም ተሠቃይታለች። ጽሑፌን ስጀምር እጄ በቀጥታ ወደሷ ሄደ። የወጣው ጽሑፍም ያስለቅስ ነበር። ከመላኬ በፊት ግን ደውዬ ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ "የኔ ልጅ፣ አንቺን እወድሻለሁ፤ ሕመሜን የማላውቃቸው ሰዎች እንዲያነቡት ግን አልፈልግም" አለችኝ። ሙሉውን አወጣሁት። እዚህም ማን እንደሆነች የሚጠቁም ነገር የማልጽፈው ለዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ገባኝ። ያ ጽሑፍ ስለሷ እንጂ ስለ እኔ አልነበረም። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው በሽተኛ ፊት ስቀመጥ ምን እንደማደርግ ነው። ስለዚህ የአሮጊቷን ታሪክ ጻፍኩ፤ ቦርሳ ውስጥ ስለተረሳው መነጽርና እሱን ለመጠየቅ ስላሰበው ሐኪም። ከዚያ እኔ በቀጠሉት ሳምንታት ያንን ጥያቄ እንዴት የራሴ ልማድ እንዳደረግኩት። ከአንድ ገጽ አላለፈም።

ራሳችሁ ታማችሁ የምታውቁ ከሆነ "ልጻፈው ወይስ ልተወው?" የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለማንም የመናገር ግዴታ የለባችሁም። የምትጽፉት ከሆነ፣ ኢንተርቪው ላይ አንድ እንግዳ ሰው ቢያነሳባችሁ ድምፃችሁ ሳይሰበር መመለስ የምትችሉትን ያህል ብቻ ጻፉ። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ ሌላ የሚሉም አሉ።

ኢንተርቪው ከ2020 ወዲህ በአብዛኛው በቪዲዮ ነው። ስለ ካሜራና መብራት ብዙ ተብሏል። ሁሉም የሚጠይቁት ለምን ሳይካትሪ እንደመረጣችሁ፣ የከበዳችሁ በሽተኛ ማን እንደነበረ፣ ሲደክማችሁ ምን እንደምታደርጉ ነው። እኔን ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ጠይቀውኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በ2003 እ.ኤ.አ. ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር መጀመሩን፣ ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት ለመሆን ወደ ውጭ መሄድ የግድ እንደነበር ነገርኳቸው። ስለ ጸበል ሲጠይቁኝም በኩራት መለስኩ። ብዙ ቤተሰብ ጸበሉንም መድኃኒቱንም ይፈልጋል። ሐኪሙ አንዱን እንዲመርጡ ካስገደዳቸው የሚያጣቸው እሱ ነው አልኩ። ስለ አገራችሁ ስትጠየቁ በሁለት ቃል አትለፉት። ከሌላ አመልካች የማይሰሙት እሱን ነው።

እኔም በተራዬ ሬዚደንቶቹን ብቻቸውን ሳገኛቸው ጠየቅኩ። የሌሊት ተረኝነቱ እንዴት ነው? በሽተኛ ሲቆጣ ማን ይደርስላችኋል? በንግግር ሕክምናው በየሳምንቱ የሚከታተላችሁ ሰው አለ? አስተርጓሚ በአካል ይመጣል ወይስ በስልክ ነው? የአንዱ ፕሮግራም ሬዚደንቶች ለሁለተኛው ጥያቄ እርስ በርስ ተያዩ። ያንን ፕሮግራም ወደ ታች አወረድኩት።

ጥቁር አንበሳ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ተምራችሁ የምትመጡ ሐኪሞች መንገዳችሁ ላይ የኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ. ማረጋገጫ (ከአሜሪካ ውጭ የተማሩ ሐኪሞች የሚያወጡት) እና የቪዛ ጉዳይ ይጨመርበታል። እሱን በዚያ ያለፈ ሰው ቢጽፈው ይሻላል።

የመጨረሻው ሥራ ፕሮግራሞቹን በምርጫችሁ ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነው፤ እነሱም አመልካቾችን እንዲሁ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ሁለቱን አገናኝቶ ይደለድላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ይወስዱኛል" ያለውን ከላይ ያደርጋል። አያስፈልግም። ድልድሉን የሚሠራው ስሌት የሚነሳው ከአመልካቹ ምርጫ ነው። አሁን የሚሠራበትን ቀመር ካዘጋጁት አንዱ አልቪን ሮዝ ሲሆን፣ በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። ከፍ ያለ ምኞት ከላይ በማስቀመጣችሁ ከታች ያለውን አታጡም። እኔ ከላይ ያደረግኩት ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያሉትን ነው፤ አማርኛ የሚናገር በሽተኛ የሚመጣው ወደዚያ ስለሆነ።

ማርች ሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ቦታ ማግኘቴን፣ ዓርብ ደግሞ የት እንደሆነ አወቅኩ። የደረሰኝ ሁለተኛ ያደረግኩት ነው። ሥራ የምጀምረው ጁላይ ላይ በውስጥ ደዌ ክፍል ነው፤ ከዚያ ነርቭ ሕክምና ይከተላል። ሳይካትሪ ክፍል የምገባው ከገና በኋላ ነው።