የዋን ኤችዜድ ፋን ቤት ውስጥ ማውረድ፦ አራተኛዋ ዳዶ

ይህን የምጽፈው እኔ ከመጀመሬ በፊት የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ዋን ኤችዜድ ሞተር ባለው ላንድ ክሩዘር 70 ላይ ፋኑን ከነክላቹ ማውረድ በጥገና መጽሐፉ ውስጥ አጭር መስመር ነው፤ አራቱን ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠብቀውን ባለ ስድስት ጎን ብረት) ፍታ፣ ፋኑን አውጣ ይላል። ሦስቱ እንደተጻፈው ይፈታሉ። አራተኛዋ እምቢ ስትል ምን እንደሚደረግ ግን አንድም ቃል የለም። የግማሽ ቀኑን ሥራ ሦስት ቀን ያደረገብኝም ይኸው ነው።

ፋኑ መውረድ ያስፈለገው ክላቹ ስለደከመ ነው። ክላቹ ውስጥ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አለ። ከፊቱ ያለው የተጠቀለለ ምላስ ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ይጠማዘዝና ለዘይቱ መንገድ ይከፍታል፤ ዘይቱ ሲገባ ፋኑ ከውሃ ፓምፑ ጋር ተያይዞ ይሽከረከራል። ዘይቱ ካለቀ ፋኑ ይዞራል እንጂ አየር አይስብም። ሜዳ ላይ ችግሩ አይታወቅም። ከጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ ግን ከፊት የሚገባ ነፋስ ስለሌለ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ብቻ ነው፤ የሙቀት መለኪያው ያኔ ይነሳል። ለመፈተን ሞተሩን በደንብ አሙቆ ማጥፋትና ፋኑን በእጅ መግፋት ነው። ሲሞቅ ከበድ ብሎ ቶሎ መቆም አለበት፤ ያለ ሐሳብ ደጋግሞ ከዞረ ክላቹ አልቋል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ትኩስ ራዲያተር ክዳኑ አይነካም። የባትሪውን ኔጋቲቭ መንቀል፣ ሦስት አራት ሊትር ውሃ አውርዶ የራዲያተሩን የላይኛውን የውሃ ጎማ ማውለቅ፣ የፋኑን መከለያ ብሎኖች ፈትቶ መከለያውን ወደ ሞተሩ መግፋት። ራዲያተሩና ፋኑ መካከል ወፍራም ካርቶን ማስገባት ግድ ነው። ቁልፍ ከእጅ ሲያመልጥ የሚያርፈው ስስ የራዲያተር ክንፎች ላይ ነው።

ዳዶዎቹ የሚፈቱት ቺንጋው (ፓምፑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ሳይላላ ነው። ቺንጋው ካልተወጠረ ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት) አብሮ ይዞርና መያዣ ይጠፋል። ሁለቱን ቺንጋዎች በአንድ እጅ ወደ ታች ጫን አድርጎ በሌላው መፍታት ይበቃል። ቁልፉ 12 ሚሊሜትር ነው። ዳዶዎቹ ያሉት በክላቹ አካልና በፑሌጃው መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ስለሆነ ቡሶላ (ከፊት የሚሰካ ክብ ቁልፍ) አይገባም፤ ከጎን የሚገባ ቁልፍ ብቻ ነው የሚሠራው። እሱም በአንድ ጊዜ ትንሽ ብቻ ነው የሚዞረው።

አራተኛዋ ዳዶ ከሌሎቹ የተለየችው በቀለሟ ነበር። ሦስቱ አቧራና ዘይት የለበሱ ናቸው፤ እሷ ላይ ግን ቡናማ ዝገትና ነጭ ቅርፊት ነበረ። ከውሃ ፓምፑ ማስተንፈሻ ቀዳዳ ለረጅም ጊዜ ውሃ ሲያልብ የሚተወው ምልክት ነው። ሞተሩ በኩላንት ፋንታ በተራ የቧንቧ ውሃ ሲሠራ ደግሞ ይብሳል። ያንን ቅርፊት አይቼ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ስህተቱ በተራ የተከማቸ ነው። መጀመሪያ የተጠቀምኩት ቁልፍ ግማሽ ኢንች ነበር። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ 12 ዳዶ ላይ የገባ ይመስላል እንጂ የሚይዘው ጠርዟን ብቻ ነው። ጠርዟ ተላጠ። ቀጥሎ በትክክለኛው፣ ግን አፉ በከፈተ አሮጌ 12 ቁልፍ ገፋሁ፤ ጠርዟ የባሰ ተላጠ። ከዚያ ቁልፉ ላይ ቱቦ አስገብቼ አስረዘምኩት። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ረጅም ቱቦ የሚጫነው ዳዶዋን ብቻ አይደለም፤ የፓምፑን ዘንግና ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ወደ ጎን ይገፋል። ዳዶ በጥቂት ብር ይገዛል። የተጎዳ ኩሽኔታ ግን ሙሉ ፓምፕ ያስለውጣል።

ጋራዥ ውስጥ የተለመዱት ሁለት ምክሮችም ከዚህ አይሻሉም። አንደኛው በጋዝ እሳት ማሞቅ ነው። እሳቱ ውሃ እንዳይወጣ ከሚዘጋው የፓምፑ ሲልና ከኩሽኔታው ግራሶ ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ ነው የሚያርፈው፤ ክላቹ ውስጥ ዘይት አለ፣ የፋኑ ክንፎች ደግሞ ፕላስቲክ ናቸው። ሁለተኛው በክላቹና በፑሌጃው መካከል ወፍራም ካቻቢቴ ከትቶ መፈልቀቅ ነው። ፑሌጃው ይጣመማል፤ የተጣመመ ፑሌጃ ቺንጋ ሲበላ ይኖራል። ሁለቱንም በሙሉ ልብ እቃወማለሁ።

የሠራው መንገድ ይህ ነው። ዳዶዋንና የብሎኑን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ጠረግኩ፤ ዘይት በዝገት ቅርፊት ውስጥ አያልፍም። ከዚያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ማታ፣ ጠዋት፣ እንደገና ማታ። ጣሳው ላይ የሚጻፈው የደቂቃዎች ነገር ለእንዲህ ያለ ዝገት አይሠራም፤ ሁለት ሌሊት ያስፈልገዋል። በመሃሉ የዳዶዋን ጎን በትንሽ ማርቴሎና በቀጭን ብረት በቀስታ መታ መታ ማድረግ ዘይቱን ወደ ጥርሱ ያስገባል።

በሦስተኛው ቀን ራዲያተሩን አወረድኩ። መጽሐፉ ይህን አይጠይቅም፤ ብዙ መካኒኮችም ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። እኔ ግን ዳዶ ሁለት ሌሊት ዘይት ጠጥታ ካልተንቀሳቀሰች ራዲያተሩ ይውረድ ነው የምለው። ጥቂት ብሎንና ሁለት የውሃ ጎማ ነው፤ የሚሰጠው ቦታ ግን ሥራውን ይለውጠዋል።

ቦታው ሲገኝ የተላጠችውን ዳዶ በቀጭን ሞረድ ትይዩ በሆኑ ሁለት ጎኖቿ ላይ አሳንሼ 11 አደረግኳት። አዲስ 11 ቁልፍ በማርቴሎ ተመትቶ ገባ፤ ጥብቅ፣ ያለ ንቅናቄ። ከዚያ መግፋት ሳይሆን የቁልፉን ጫፍ አጭርና ፈጣን ምት መምታት። ዝገትን የሚሰብረው ድንገተኛ ምት እንጂ ረጅም ግፊት አይደለም። ከአምስት ስድስት ምት በኋላ ደረቅ የ"ጢክ" ድምፅ ተሰማ፤ ከጥርሱ መካከል እንደ በርበሬ የቀላ የዝገት ዱቄት ወጣ። ዳዶዋ ስትላላ ወዲያው እስከ መጨረሻ መፍታት አይገባም፤ ሩብ ዙር ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ዘይት፣ እንደገና። አለበለዚያ ዱቄቱ ጥርሱ ውስጥ ተጠቅጥቆ ብሎኑን ይቆርጠዋል።

ዳዶዎቹ ካለቁም በኋላ ክላቹ አልወጣም፤ መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ በፓምፑ እምብርት ላይ ዝጎ ተጣብቋል። እዚህ ላይ ዙሪያውን በእንጨት ቁራጭ እየመቱ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ብቻ ነው። ሲላቀቅ ፋኑና መከለያው አብረው ይወጣሉ። ክላቹ መኪናው ላይ እንደነበረው ቆሞ ይቀመጥ፤ ተጋድሞ ካደረ ዘይቱ ይፈሳል።

ክላቹን መጣል ግዴታ አይደለም። ቶዮታ ራሱ የፋን ክላች ሲሊኮን ዘይት በ18 ሚሊሊትር ቱቦ ይሸጣል፤ አካሉ በብሎን የተገጠመ ከሆነ ተከፍቶ ይሞላል። ኩሽኔታው የሚንገጫገጭ ከሆነ ግን ዘይት አያድነውም።

መልሶ ሲገጠም አሮጌዎቹን ስታዶች (ዳዶዎቹ የሚገቡባቸውን ራስ አልባ ብሎኖች) እና ዳዶዎች አራቱንም ለውጡ፤ የተላጠችውን ብቻ አይደለም። ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ሲገዛ ልኩ 8 ሚሊሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ተራ ባለ 8 ዳዶ ብዙ ጊዜ 13 ቁልፍ የሚፈልግ ነው። ጥርሱ ይገጥማል፣ በዚያች ጠባብ ክፍተት ግን ቁልፉ አይዞርም። ባለ 12 ራስ ያለውን የጃፓን ዳዶ ጠይቁ። እምብርቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ ስስ ግራሶ መቀባት የሚቀጥለውን ፈቺ ይገላግለዋል። አራቱ በመስቀል ቅደም ተከተል ይጠበቃሉ፤ እኔ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው የማቆመው።

ፋኑ ከመግባቱ በፊት የፓምፑን ዘንግ በእጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ያስፈልጋል። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ማስተንፈሻ ቀዳዳው አሁንም እርጥብ ከሆነ፣ ፓምፑ ያኔውኑ ይቀየር። የእኔው ቀዳዳ እርጥብ ነበር፤ ፓምፑን ቀየርኩት።