ዳኛ ነበርኩ ብል ማን ይመነኝ

ሰሞኑን ከደሴ የሚደርሱኝ የድምፅ መልእክቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነዋል። ላኪዎቹ ከእኔ በኋላ የተመረቁ የሕግ ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ አሜሪካ መጥቼ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ከጨረስኩ በቀጥታ ጠበቃ እሆናለሁ አይደል?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

እኛ አገር አምስት ዓመት ተምረን ኤልኤልቢ፣ ማለትም የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ እንይዛለን፤ ማስተርሱ ከዚያ ከፍ ያለው ነው። እዚህ ግን ሕግ የሚጀመረው ሌላ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ሲሆን፣ ጠበቃ የሚሆነውም በአብዛኛው ጄዲ የሚባለውን ሦስት ዓመት የተማረው ነው። ኤልኤልኤም የአንድ ዓመት ትምህርት ነው፤ ተማሪዎቹም በአብዛኛው እንደ እኔ ከውጭ የመጡ ናቸው። በስሙ ከጄዲ በላይ ይመስላል፤ ሥራ ፍለጋ ሲወጡ ግን ጄዲ የያዘው ይቀድማል። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት አይቻልም። እናቴ ለጎረቤት «ትልቁን ሕግ ሊማር ሄደ» ብላ አውርታለች፤ ቡና በተፈላ ቁጥርም ዱዓ ይደረግልኛል።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን የማመልከቻው ጊዜ ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ እንደነበርኩ ሲቪዬ ላይ አስፍሬ ነበር። ካመለከትኩባቸው ትምህርት ቤቶች ከአንዱ፣ የቅበላ ክፍል ሠራተኛ ጻፈችልኝ። ትሕትናዋ ለጉድ ነው። «በሃያ ስድስት ዓመትዎ ዳኛ ነበርኩ ያሉት በስህተት ይመስለናል፤ የዳኛ ረዳት ለማለት ከሆነ እባክዎ ያስተካክሉልን» ትላለች። ደሜ ፈላ። የአባቴ እኩዮች ጋቢያቸውን ወደ ታች አጣፍተው፣ ከዘራቸውን በር ላይ ትተው፣ «ክቡር ፍርድ ቤት» እያሉ የቆሙበትን ችሎት የመራሁ ሰው ረዳት ተባልኩ! ቀለብ ስወስን፣ የድንበር ክርክር ስሰማ፣ ውርስ ሳጣራ የኖርኩት ለካ በስህተት ኖሯል። የክልል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ በክልሉ ምክር ቤት እንደሚሾም፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 81 ጠቅሼ፣ የፍርድ ሐተታ የሚመስል መልስ ላክሁ። እሷ በአንድ መስመር ዘጋችው፦ «እናመሰግናለን፣ የሹመት ማስረጃዎን ይላኩልን።» ወንድሜ ከደሴ ወረዳው ድረስ ወርዶ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው እየተባለ ተመላልሶ ደብዳቤውን አጻፈልኝ። ክብ ማኅተሙ ፊርማው ላይ ስላረፈ ደግሞ «ፊርማው አይነበብም» ተባልኩ። እኛ ዘንድ ማኅተም ፊርማውን ካልነካ ማን ያምነዋል?

በእርግጥ እዚህ ችሎት ላይ ያየኋቸው ዳኞች ሽበታም ናቸው፤ ለዓመታት ጥብቅና ላይ ቆይተው ነው የሚደርሱበት። ጉራ እንዳይመስልብኝም ልጨምር፤ በወረዳችን የከረረውን ጠብ ሲያበርዱ የኖሩት፣ ቄሱና ሼኹ መሀል የሚቀመጡባቸው ሽማግሌዎች እንጂ እኔ አልነበርኩም። ክፍል ውስጥ የተረዳችኝ አንዲት ፈረንሳዊት ብቻ ናት፤ በእነሱም አገር ከትምህርት ቤት ወጥቶ በወጣትነት ዳኛ መሆን የተለመደ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን፣ 3367 አንቀጽ ያለውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቀው የአገሯ ሰው ሬኔ ዳቪድ መሆኑን ስነግራት በሳቅ ፈረሰች።

ይኸው የፈረንሳይ አሻራ ያለበት የሕግ ሥርዓታችን ነው ኒው ዮርክ ላይ ጠበቃ መሆን ስንፈልግ የሚያስጠይቀን። የኒው ዮርክ ፍርድ ቤቶች ከውጭ የመጣ ሰው ሕጉን የተማረው በእንግሊዝ ሥርዓት ካልሆነ ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ኤልኤልኤም እዚሁ አሜሪካ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እንዲማር ያስገድዱታል፤ በየትኞቹ የትምህርት ዓይነቶች እንደሚሞላም ወስነዋል። ስለዚህ ኮርስ ስትመርጡ ደስ ያላችሁን ሁሉ አትልቀሙ። ከዚያ የጥብቅና ፈተናው፣ የሥነ ምግባር ፈተናው፣ የ50 ሰዓት ነፃ አገልግሎቱ አለ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በአገሩ የጥብቅና ፈቃድ ያለውን ሰው ያለ ኤልኤልኤም ለፈተና ታስቀምጠዋለች። የዳኝነት ሹመት ግን የጥብቅና ፈቃድ አይደለም። ከመነሣታችሁ በፊት ፈቃዳችሁን አውጡ።

የድጋፍ ደብዳቤውን ነገር ባላነሣው ይሻል ነበር። የቀድሞ መምህሬ የጻፉልኝ ሁለት መስመር ነው፤ «መልካም ሥነ ምግባር ያለው፣ ታዛዥ ተማሪ ነበር» ይላል። ለእኛ ትልቅ ምስጋና ነው፤ እዚህ ግን ሌላ የሚባልለት ያጣ ሰው ያስመስላል። ስለ ራሳችሁ የምትጽፉትም እንዲሁ ነው፤ ወሎ ውስጥ ብታወሩት ሰው የሚታዘባችሁን ያህል ራሳችሁን ካላወደሳችሁ አንባቢ አታገኙም።

ኤስጄዲ የሚሉትን ዶክትሬት የጠየቃችሁኝ፣ እሱ ማስተማርና መመራመር ለሚፈልግ ነው። በአብዛኛው ኤልኤልኤም ይቀድመዋል፤ ቦታውም ጥቂት ነው።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የኤልኤልኤም ክፍያ ብቻ ከ70 ሺህ ዶላር ያልፋል። አንድ ወዳጄ ኮምቦልቻ ያለውን ቤቱን ለመሸጥ ደላላ ማነጋገሩን ስሰማ ደንግጬ ደወልኩለት። የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን ነፃ የትምህርት ዕድል፣ ፉልብራይትን ሞክር፣ ማስተርሱ እንግሊዝ አገርም አንድ ዓመት ነውና የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠውን ቼቨኒንግን ሞክር፣ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ አለህ፣ ከተሳካልህ ሙሉ ወጪህን ይችሉሃል አልኩት። ሲጨርስ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ መሆኑን ስነግረው «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። የምትፈልገው ቪዛ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም ብለው ተቀየመኝ፤ እስካሁን ስልኬን አያነሳም።